በቲቸር ነጅዋ የቀናች እናት አቤቱታ

ለተከበሩ ወይዘሮ ሱረያ፣
የልጄ የሀኒያ መዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህርት፣
ሐይቅ ከተማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። የሐይቁ ንፋስ ጉንፋን ሳያሲዝዎ፣ የሕፃናቱም ጫጫታ ራስዎን ሳያዞርዎ፣ ይህችን ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያነቧት ዱዓዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከቅናት በስተቀር ምንም አላመመኝም።

ልጄን ጡት አስጥዬ፣ ለእናቴ ትቼ ጅዳ መሄዴን፣ እዚያም የሌላ ሰው ልጆች ሳሳድግ ኖሬ ባለፈው ክረምት መመለሴን ያውቃሉ። በሌለሁበት ልጄን ስላስተማራችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የትምህርቱን ፍሬ ለብቻዬ ይዤ ብቀመጥ ንፉግነት ስለሚሆንብኝ፣ የከተማው ሰው ሁሉ እንዲያውቀው በግልጽ ልጽፍልዎ ወደድሁ።

፩. ስለ ሥርዓት። ከመኪና ወርጄ እጆቼን ዘርግቼ ስጠብቅ፣ ልጄ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተከልላ ቆየችና ወጣ ብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። ለእንግዳ እንዲህ እንደሚባል ያስተማረቻት የክፍሏ መምህርት ቲቸር ነጅዋ ናት። አንቱታው አንዳች ስሕተት አልነበረውም። መናኸሪያው ሁሉ አደነቃት፤ እኔ አለቀስሁ፤ ሰውም የደስታ መሰለው።

፪. ስለ ንጽሕና። የመጀመሪያውን ጉርሻ ላጎርሳት ስል «ቲቸር ነጅዋ በሳሙና ያልታጠበ እጅ አያጎርስም ብላለች» ብላ አፏን ገጠመች። ጅዳ ላይ የስንቱን ልጅ እጅ ሳጥብ የኖርሁ ሴት ተነሥቼ ታጠብሁ። እግረ መንገዴንም ፊቴን ታጠብሁ።

፫. ስለ መካፈል። ከጅዳ ያመጣሁላትን አሻንጉሊት «ያለንን እንካፈላለን» ብላ በማግስቱ ለክፍሉ አበረከተቻት። ልጆቹም ለአሻንጉሊቷ ስም አውጥተውላታል፤ ነጅዋ ይሏታል። በመስጠቷ አልተከፋሁም፤ ግን እባክዎ፣ ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?

ለሚቀጥለው ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም። ባለፈው ሳምንት ሀኒያ ደጃፋችን ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ሮጬ አነሣኋት። እቅፌ ውስጥ ሆና «ቲቸርዬን ጥሩልኝ» እያለች አለቀሰች። ጅዳ ያሳደግሁት ሙዓዝ የሚባል ሕፃንም ሲወድቅ የሚጠራው እኔን ነበር፤ እናቱ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ፣ ያን አስተያየቷን ትዕቢት ነበር የምለው።

በማግስቱ ልጄን ከትምህርት ቤትዎ ላስወጣት ቆርጬ መጣሁ። እርስዎ እንደ ወትሮው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ አላህ ስብሰባውን ያብዛልዎትና፣ በክፍሉ በር አጮልቄ አየሁ። ልጆቹ እቃቃ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ሁሉ እናት ሆነዋል። ሌሎቹ እናቶች ወጥ ሲሠሩ፣ ሕፃን ሲያዝሉ፣ የእኔዋ እናት ሀኒያ ግን የእንጨት ቁራጭ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «እሺ የኔ ልጅ፣ አሁን ማዳም እየጠራችኝ ነው፣ በኋላ እደውላለሁ» ትላለች።

ይህን ትምህርት ቤትዎ አላስተማራትም።

ቲቸር ነጅዋ አጠገቧ በርከክ አለችና «እናትሽ እኮ መጥታለች። በይ ስልኩን ዝጊውና ልጅሽን እቀፊ» አለቻት።

«ተመልሳ ትሄዳለች» አለች ሀኒያ። ለእኔ አንድ ቀን ያልተነፈሰችውን ለእሷ ነገረቻት፤ በዚህም ቀናሁ።

ገባሁ። ከሕፃናቱ ወንበሮች በአንዷ ላይ እንደምንም ተቀምጬ «አልሄድም» አልኋት። ቪዛ ለማሳደስ ሳስብ ከርሜ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ተውሁት። ልጄ አየችኝ፣ አየችኝና «ምንጣፉ ላይ በጫማ አይገባም፤ አውልቂ» አለችኝ። አወለቅሁ። ጉልበቴ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

ስለዚህ ልጄ እዚያው ትማራለች። ከታላቅ ትሕትና ጋር የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቲቸር ነጅዋ ስለ አላህ ብላ በወር አንድ ቀን እንኳ ትቆጣት፤ እኔም የማባብልበት ምክንያት ላግኝ።

ከላቀ አክብሮትና ከዚያም ከሚልቅ ቅናት ጋር፣
ዑምኩልሱም፣
የሀኒያ እናት (በወሊድ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቲቸር ነጅዋ ከውጫሌ ሽማግሌ መላኩን ሰማሁ፤ አላህ ያሳምረው። ቶሎ እንድትወልድም ዱዓ ጀምሬአለሁ። እሷ የሰው ልጅ ስታስተምር ስትውል የእሷን ልጅ በደስታ እይዝላታለሁ፤ ማንን «እማዬ» እንደሚል ያኔ እናያለን።