የደምን ሩጫ የለኩት የዶክተር ዊሳ ሲድሆም ሕይወት

ዶክተር ዊሳ ሲድሆም ከአባታቸው ከመምህር ሲድሆም ቦቅጦርና ከእናታቸው ከወይዘሮ መቲልዳ ሀቢብ በእስክንድርያ፣ ሙሐረም ቤይ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አርፎ መቀመጥ አያውቁም ነበር። የሕክምና ትምህርታቸውን በ1965 ፈጸሙ፤ በ1969 ወይዘሮ ማርሴል ዘኪን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው አንዲት ልጅ፣ ማናልን፣ ወለዱ።

ሥራቸው በጥፍር ሥር ባሉ፣ ከፀጉር በቀጠኑ የደም ሥሮች ውስጥ ደም የሚሄድበትን ፍጥነት በማጉያ መነጽር መለካት ነበር። በ1993 የብርድ ወራት ጤነኛ የሆኑ የእስክንድርያ አንፉሺ ሰፈር ዓሣ አጥማጆችን ለክተው የጤነኛ ሰው መለኪያ አወጡ። ይህም በሆስፒታላቸው የክፍል ኃላፊነት አስገኘላቸው፤ ሕሙማንም በዚሁ እየተመዘኑ ይታከሙ ወይም ይሰናበቱ ጀመር።

በ1999 ያኔ ከተለኩት ዓሣ አጥማጆች አንዱ፣ የጀልባ አለቃው ሐሙዳ፣ ዳግመኛ ሊለካ መጥቶ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ቧንቧ እጁን ሲታጠብ አዩት። ለምን ቢሉት፣ «ዶክተር፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት እጅ ለትልቅ ሰው ይሰጣል እንዴ? ያኔም ሁላችንም ታጥበን ነው የገባነው፤ ባለጌ መሰልንዎት?» አላቸው። ለዶክተር ዊሳ ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። ቀዝቃዛ ውሃ የጣትን ደም ያዘገያል። እንግዲያው የጤነኛ የተባለው መለኪያ ራሱ የዘገየ ነበር፤ ደማቸው በሕመም የዘገየ ሰዎችም ጤነኛ ተብለው ተሸኝተዋል።

የሆስፒታሉ አለቃቸው መለኪያውን በጸጥታ እንዲያርሙና የተሸኙትን ሰዎች ነገር እንዲተዉት መከሯቸው፤ ማን ያውቃል ብለውም አከሉ። ዶክተር ዊሳ፣ «ጣታቸው ሲጠቁር እነርሱ ያውቃሉ» አሉ። ስሕተታቸውን በጉባኤ ተናገሩ፤ ኃላፊነታቸውንም አጡ። መሳሳት የሰው ነው፤ ስሕተትን አውቆ መተኛት ግን በደል ነው።

በስሕተት የተሸኙት ስልሳ ሦስት ነበሩ። ማጉያቸውን በሻንጣ ይዘው ወደ ደመንሁር፣ ወደ ረሺድ፣ እስከ አስዋን ድረስ በባቡር ተመላለሱ። ወይዘሮ ማርሴል ምሳ አቅርበው «አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ይነክሳል እንዴ?» ቢሏቸውም፣ ዳቦውን በፉል አጥቅሰው በቁማቸው እየጎረሱ ይወጡ ነበር። ከሕሙማኑ ሁለቱን ጣታቸው ከተቆረጠ በኋላ አገኟቸው፤ ደጃቸው ላይ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ።

በልብ ድካም ተኝተው ሳሉ እንኳ የባቡር ሰዓት ይጠይቁ ነበር። ማክሰኞ፣ መጋቢት (ማርች) 2 ቀን 2010 በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርሴል፣ ልጃቸው ዶክተር ማናልና ሁለት የልጅ ልጆች ቀርተዋል።

ስልሳው ተገኝተዋል። ያልተገኙት የከፍር ዐሽሪ ሰፈሯ ወይዘሮ ናዒማ ዘይዳን፣ የወደብ ሠራተኛው ሻዝሊ ዐብዱ እና የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪው ቡሽራ ሐና ናቸው። ከለቀስተኛው መካከል የሚያውቃቸው ቢኖር፣ ከመቃብር ሳይመለስ ለዶክተር ማናል ይንገር፤ ማጉያው እርሷ ዘንድ ነው።

አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ይቀበል፤ ሦስቱንም እስክንደርስባቸው በጤና ያቆይልን።