ባሕር ሲሸሽ የማይቀመጡት ወይዘሮ ሄልሚ ታካላ

ወይዘሮ ሄልሚ ታካላ ከአባታቸው ከአቶ ኤይኖ ራንታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለምፒ ሳሎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1941 ኔሄለም የተባለው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት መንደራችን ተወለዱ። እናታቸውን ምጥ የያዛቸው በዓሣ ፋብሪካው ቆመው ሲሠሩ ስለ ነበር፣ ልጅቱም መቀመጥ ሳትለምድ አደገች ይባላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። መምህርታቸው “ብሩህ ናት፤ ዓይኗን ግን ከመስኮቱ ማን ይንቀልልኝ?” እያሉ ለወላጆቻቸው ያማርሩ ነበር። ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ ከአባታቸው ጋር ሳልሞን ለተባለው ትልቅ ዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ማባበያ ማዘጋጀት ጀመሩ። ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በጨው አሳድረው ያጠነክሩታል፤ ጭንቅላቱን በሰያፍ ቆርጠው ሁለት መንጠቆ ይሰኩበታል። ሰያፉ ከተሳካ ማባበያው ውሃ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ሳልሞንም አይቶ አያልፈውም። ሳይሽከረከር የቀረውን “ይህን ለድመት ስጡት!” ብለው ይወረውሩታል። ከወረወሩት ውስጥ የእኛ የዘመዶቻቸው ሥራ ይበዛበት ነበር።

በ1963 ከአቶ አርቪድ ታካላ ጋር ጋብቻ መሥርተው ካሪንን እና ማርቲንን ወልደዋል። ትዳራቸው ሳቅ የሞላበት ነበር። በመስከረም 1974 ግን ባሕሩ በየቀኑ እንደሚያደርገው ከዳር እየሸሸ ሳለ የአቶ አርቪድን መንጠቆ አንድ ትልቅ ሳልሞን ጎረሰው። ዓሣው ወደ ባሕር ሮጠ፤ እርሳቸውም በጀልባቸው ተከተሉት። ወይዘሮ ሄልሚ በወንዙ አፍ ካለው የድንጋይ ግድብ ላይ ሆነው “አርቪድ፣ ክሩን ቁረጠው! ቁረጠው አልኩህ!” እያሉ ሲጮኹ ከእናንተ መካከል የሰማ አለ። አልቆረጡም። የሚሸሸው ውሃ ከሚመጣው ማዕበል ጋር በሚላተምበት ቦታ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ አቶ አርቪድም በዚያው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሄልሚ ሌላ ጀልባ ገዝተው እንግዶችን ዓሣ በማስጠመድ ልጆቻቸውን አሳደጉ። በእርሳቸው ጀልባ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብስ ማባበያ የሚነካ አልነበረም። መልሕቅ ከፊት እንጂ ከኋላ አይታሰርም፤ ከኋላ ታስሮ ውሃው ጀልባዋን ሲሞላት አይተዋልና። ባሕር ሲሸሽ ደግሞ በወንዙ አፍ ከሚንሳፈፈው የመጨረሻ ቀይ ምልክት የሚያልፍ የለም፤ ዓሣው እየጎተተ ከወሰደ ክሩ ይቆረጣል። የተቆጣ እንግዳ ቢኖር “ዓሣው ነገም አለ፤ አንተ መኖርህን ግን እንጃ” ይሉት ነበር።

በራሳቸው ጀልባም አላበቁም። ባሕር መሸሽ ሲጀምር ሰርግም ይሁን ማዕድ ጥለው ይነሡና ግድቡ ላይ በርቀት መነጽር እያዩ የመጨረሻዋ ጀልባ እስክትገባ ይንቆራጠጣሉ። ፓስተራችንም ከመድረኩ ሆነው “ሄልሚ ተነሥታለች፤ እኔም ስብከቴን ላሳጥር” እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ይህ ጥበቃ ማርቲንን አንገሸገሸው። እርሱም የጀልባ ሰው ሆኖ ነበርና አንድ ቀን በሰው ፊት “እማዬ፣ ዓሣ አጥማጅ ነኝ እንጂ የምትጠብቂኝ በግ አይደለሁም!” አላቸው። እርሳቸውም “በግ ብትሆንማ ምን አስጨነቀኝ? በግ ዓሣ አይከተልም” አሉት። ተኳረፉ፤ ኩርፊያውም ከረመ።

በ1996 ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት የማርቲንን መንጠቆ ትልቅ ሳልሞን ጎረሰውና ጀልባውን ከቀዩ ምልክት አሳለፈው። እናቱ ግድቡ ላይ ነበሩ። በዚያ ቀን ቃል አልተነፈሱም። ማርቲን ቀና ሲል ዝም ብለው ቆመው አያቸው፤ ክሩንም ቆረጠ። ከውሃ እንደ ወጣ “ምነው ሳትጮኺ ቀረሽ?” ቢላቸው “ለአባትህ ጮኬ ምን አተረፍኩ?” አሉት። እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። በማግስቱ ግን ወይዘሮ ሄልሚ እንደ ልማዳቸው ግድቡ ላይ ተገኙ።

በ2021 የልብ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን መድኃኒት ሁሉ ዋጡ፤ ያዘዘላቸውን ዕረፍት ግን አልተቀበሉም። አልጋቸው ባሕሩ ወደሚታይበት መስኮት ተጠግቶላቸው ሲታከሙ ቆይተው፣ መስከረም 14 ቀን 2022 በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ወይዘሮ ሄልሚ የሁለት ልጆች እናትና የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

እንደ አገራችን ወግ ጀልባዎች ወደ ወንዙ አፍ ወጥተው በስማቸው አበባ ሊጥሉ ይገባ ነበር። ቀብሩ የዋለው ግን ባሕር በሚሸሽበት ሰዓት ነው። ማርቲን ትናንት በየቤቱ እየዞረ “ነገ ማንም አይወጣም፤ አበባውን መቃብሯ ላይ አድርጉት” ሲል ለመነ። ይኸው፣ የሳልሞን ወራት አጋማሽ ላይ ብንሆንም ጀልባዎቹ በሙሉ ታስረዋል፤ ባለቤቶቻቸውም እዚህ ቆመዋል። ማርቲን ከዚህ የሕይወት ታሪካቸው መጨረሻ እንዲነበብለት የጠየቀው ይህን ብቻ ነው፦ “እማዬ፣ ዛሬ ውሃው ላይ ማንም የለም። አረፍ በይ።”

በሕይወት ሳሉ ያልወደዱትን ዕረፍት እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያስወድዳቸው።