የብሩሹ ጸጉር

እህቴ፣
ምድጃውን እንዳትለኩሺ። ሰማያዊው ቅርጫት ውስጥ ያለውን ብስኩት ለማንም እንዳትሰጪ። አንቺም እንዳትቀምሺው፣ በፈጠረሽ!

ብስኩቱን ዘይት የምቀባበት አዲሱ ብሩሽ የአሳማ ጸጉር ነው።

ጠዋት አንዷ ዘለላ ተነቅላ ሊጡ ላይ ቀረች። ክብሪት ለኮስኩባት። ፕላስቲክ ብትሆን ትቀልጥ ነበር፤ እሷ ግን የተቃጠለ ጸጉር ሸተተችኝ። ክው አልኩ። ሻጩ ጋ ስደውል «አዎ የአሳማ ነው፤ አንደኛ ዕቃ እኮ ነው!» አለኝ እየሳቀ።

«አሮጌው ይበቃናል» ብለሽኝ ነበር። እሺ፣ አውቃለሁ።
ግን ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ቅመሙን ሐላል ነው አይደለም ብለን ስንበረብር ብሩሹን ማን ይጠርጥር? ሃይማኖታችን ቢለያይም፣ ያንቺን ነገር ከራሴ አብልጬ ስጠነቀቅ ነበር። እዪው እንግዲህ።

ያከፋፈልነውን ልሰበስብ ወደየሱቁ ሄጃለሁ።
የሐላል ምስክር ወረቀት የሚሰጠን መርማሪ ከሰዓት ይመጣል። ከቀደመኝ፣ ብሩሹ ማጠቢያው ስር በፌስታል ተቋጥሯል፤ አውጥተሽ አሳዪው። እኔን አድናለሁ ብለሽ እንዳትዋሺ። ወረቀቱ ይቅርብን።

እናትሽ ትናንት ብስኩቱን ቀምሰው «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ ምንም አትበያቸው።

ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ።
ስመለስ አንኳኳለሁ። ከከፈትሽልኝ እገባለሁ።