ሐውልቱን የጠበቁት የጋሽ አይነካም የሕይወት ታሪክ

አጎታችን ከድንጋይ ፈላጭ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከጥንታዊው የድንጋይ ሐውልት ግርጌ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ዓመቱን የሚያውቁት እናታቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ሳይናገሩ አረፉ። አጎታችን እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው የቀረውን ለታናናሾቻቸው ተዉላቸው።

በሃያ ዓመታቸው ገደማ የሐውልቱ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ጎብኚ እጁን በዘረጋ ቁጥር «አይነካም!» ስለሚሉ ስማቸው በዚያው ቀረ። ሐውልቱን አንዲት ግዙፍ ነፍሰ ጡር አዝላ ስታልፍ ምጥ ይዟት እዚህ ጥላው እንደሄደች ለእንግዳ ሁሉ ያወሩ ነበር። ማስረጃ ሲጠየቁ፣ «የተወለድኩት እኔ ነኛ!» ይሉ ነበር።

ከእትዬ ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። እትዬ «ጣውንቴ ድንጋይ ናት» እያሉ ቢያማርሩም፣ ምሳቸውን ሳያደርሱላቸው የዋሉበት ቀን የለም።

ሐውልቱ መብረቁንም፣ የመሬት መንቀጥቀጡንም፣ የፍየል ቀንዱንም ችሎ ኖሯል። የቅርስ ጽሕፈት ቤቱን ግን አልቻለም። ከሦስት ወር በፊት ትልቅ ሰው ሊጎበኙ ነው ተባለና ኃላፊው «ቆሽሿል፣ ይታጠብ» አሉ። የላቫጆ ፓምፕ መጣ። አጎታችን በኃላፊው እግር ላይ ወድቀው ለመኑ። ኃላፊው፣ «አባባ፣ ድንጋይ እኮ ነው፤ አይበርደውም» ብለው ሳቁ። አጎታችን ተነሡ፤ ጀርባቸውን ለሐውልቱ ሰጥተው፣ «እንግዲያው መጀመሪያ እኔን እጠቡ» አሉ። ሠራተኞቹ ኃላፊውን አዩ፤ ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ፓምፑ ተከፈተ።

የስንት ዘመን ዝናብ ያላጠፋው ቅርጻ ቅርጽ በአንድ ከሰዓት አሸዋ ሆኖ ቦዩን ሞላው። የተረፈው የአጎታችን ጀርባ የሸፈነው ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ የተቀረጹት ወፎች ዛሬም ከነላባቸው አሉ። ይህን ከእኔ አፍ ስለሰማችሁ የማታምኑ ሄዳችሁ እዩት። ትልቁ ሰውም ሳይመጡ ቀሩ።

አጎታችን ከዚያን ቀን ወዲህ ሳል ሳይለቃቸው፣ ሳንባቸው ታሞ ባለፈው ሐሙስ አረፉ። ጽሕፈት ቤቱ የአበባ ጉንጉን ልኳል። አበባውን ያመጣው ሹፌር እንደነገረን፣ ሰኞ የቀረችውን «ቆሻሻ» ሊያጥቡ ይመለሳሉ።

አጎታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና በጀርባቸው ልክ የተረፈ ሐውልት ትተው ሄደዋል። እትዬ ሰኞ በጠዋት ከልጆቻቸው ጋር ሄደው በዚያው ቦታ ሊቆሙ ነው። ሦስት ጀርባ ግን ፓምፑን ለማስቆም አይበቃም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ውሃ በማይደርስበት፣ ኃላፊ በማይመጣበት ደረቅ ስፍራ ያሳርፍልን።