ሚጢጢ አልተመለሰችም

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? ጤናሽስ? አድራሻሽን ያገኘሁት ከአክስትሽ ነው። እሷን እንዳትቆጫት፤ ሦስት ወር ሙሉ እምቢ ስትለኝ ኖራ ባለፈው እሑድ አልቅሼባት ነው የሰጠችኝ። ስምንት ዓመት የልጇን ድምፅ ያልሰማች እናት አለች ቢሉኝ፣ "ይቺ ደግሞ ምን ዓይነቷ ናት?" እል ነበር። የምጽፍልሽ መልስ ፈልጌ አይደለም። መጽሔቱ እዚያም ይደርስ ይሆናል፤ በስሜ የወጣውን አንብበሽ "ይቺ ሴትዮ አሁንም አልተወችኝም" እንዳትይ ፈርቼ ነው።

ከመጽሔቱ ወጥቻለሁ። ወጥቻለሁ ስልሽ አስወጡኝ ማለቴ ነው። ሽማግሌው ባለቤት ሲሞት ልጁ ተተካና አንድ ቀን ጠዋት አስጠራኝ።

"እትዬ፣ ደክሞዎታል። ትንሽ አረፍ ቢሉ ምን ይመስልዎታል?"

"ደከመኝ ያለህ ማን ነው?"

"ከፊትዎ ያስታውቃል" አለኝ፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ።

ሠላሳ አንድ ዓመት! አንቺ ሳትወለጂ ነው ማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ በአራሚነት የጀመርኩት። ቀለሙ ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ብሎኝ ሰው ስጨብጥ እጄን እሸሽግ ነበር። ዋና አዘጋጅ ስሆን መጽሔቱን የሚያገላብጠው ጸጉር ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነበር። ሚኒስትሩም ዘበኛውም ተሻምቶ እንዲያነበው ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በምን እንዳደረግሁት ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። "ከሚጢጢ እናት" በሚለው አምዴ ነው። ጥርስሽ ሲወልቅ ጻፍኩ። ሒሳብ ስትወድቂ ጻፍኩ። አባትሽ ጥሎን የሄደ ቀን በሩን ይዘሽ ያልሽውን፣ ቃል ሳልቀንስ ጻፍኩት። አገሩ ሁሉ ወደደሽ። "ሚጢጢ እንዴት ናት?" ሳይለኝ የሚያልፍ አልነበረም፤ እኔም የሞኝ ነገር፣ ላንቺ የተሰጠውን ፍቅር የኔ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት።

ስሸኝ አበባ ሰጡኝ። ንግግር ያደረገችው ምክትሌ ናት፤ ያቺ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ያስተማርኳት። "እናታችን" አለችኝና ድምጿ ተሰበረ። በማግስቱ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። እንግዲህ ወንበር ነው፤ ለማንም አያዝንም።

ከዚያ በሁለተኛው ወር የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ሰፈር ፋርማሲ ስገባ፣ ፋርማሲስቷ ባንኮኒውን ዞራ መጥታ እቅፍ አደረገችኝ።

"እንኳን ደስ ያለዎት! መጣችልዎት አይደል? እኔ እኮ ሳነብ ሰው ፊት አለቀስኩ!"

"ማን ናት የመጣችው?"

"ሚጢጢ ናታ!" ብላ ሳቀች፤ የምቀልድ መስሏት።

እየተጣደፍኩ ሄጄ መጽሔቱን ገዛሁ። ፎቶዬ አለ፣ ስሜ አለ። ርእሱ "ሚጢጢ ተመለሰች" ይላል። በሩን አንኳኳሽ አሉ። ጸጉርሽን አሳጥረሽዋል። አንዲት ሻንጣ ይዘሽ ደጃፉ ላይ ቆምሽና "እማ፣ ራበኝ" አልሽኝ። በልተሽ ሳትጨርሺ፣ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ አልጋሽ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ።

ልጄ፣ አልዋሽሽም፤ ጎበዝ ሰው ነው የጻፈው። "እማ፣ ራበኝ" የሚለው ጋ ስደርስ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ወዲያው ቢሮ ሄድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ከመቀመጫው እየተነሣ በር ሲከፍትልኝ የኖረው ጥበቃ መታወቂያ ጠየቀኝ። "ትእዛዝ ነው፣ እትዬ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ምክትሌን ከቀድሞው ጠረጴዛዬ ኋላ አገኘኋት። መጽሔቱን ፊቷ ጣልኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አምዱ ሲቀር አንባቢ አላስቀምጥ አለን። ምን እናድርግ?"

"ውሸት ነው እኮ! ልጄ አልመጣችም!"

"እትዬ፣ ማንን ጎዳ? ሰው ደስ አለው።"

"በልጄ ስትነግዱ እሷን ጠይቃችኋል?"

ቀና ብላ አየችኝ። በክፋት አልነበረም፤ እሱ ነው የገደለኝ። "እርስዎስ ያኔ ጠይቀዋት ነበር?" አለችኝ።

መጽሔቱን አንሥቼ ወጣሁ። ያኔ ያለችው የትኛውን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ፅንሱ የወረደብሽ ጊዜ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ እጄን ይዘሽ "ለማንም እንዳትነግሪ" ያልሽኝን። በአምስተኛው ቀን ስለዚያው ለአምዴ የጻፍኩትን ረቂቅ ጠረጴዛ ላይ አገኘሽው። "እማ፣ ሁሉንም ጻፊ፤ ይሄን ብቻ ተይልኝ" አልሽ። እኔም "ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ ከእጄ ወጥቷል" አልኩሽ።

አልገባም ነበር። የተተየበው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሊታተም ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የክፍል ጓደኞችሽ ጮክ ብለው ሲያነቡት በር ላይ ቆመሽ መስማትሽን የነገረችኝ አክስትሽ ናት። አንቺ አንድም ቃል ሳትናገሪኝ ሄድሽ። እኔ በዚያ ጽሑፍ ተሸለምኩ። መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ስቄ፣ ፎቶ ተነሣሁ።

ባለቤቱን እርማት አውጣልኝ ብዬ ብጠይቀው "ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ" አለኝ፤ ለኔ! በመጨረሻ አንድ ትንሽ ጋዜጣ ለምኜ ሁለት መስመር አወጡልኝ፣ ከሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ጎን፦ "ልጄ አልተመለሰችም። ጽሑፉም የኔ አይደለም።" ያመሰገነኝ ግን የለም። አንዲት ሴት ደውላ "ደስታችንን ለምን ያበላሹብናል?" ብላ ዘጋችብኝ።

ፋርማሲስቷም አንብባው ኖሮ፣ ለመድኃኒቴ ስመለስ እየጠቀለለችልኝ፣ "ታዲያ ለምንድን ነው የማትመጣው?" አለችኝ።

"አስቀይሜያት" አልኳት። እቀጥል እንደሆነ ጠበቀች። እኔ አልቀጠልኩም፤ መድኃኒቴን ይዤ ወጣሁ።

ክፍልሽን አላከራየሁትም። የሚጠይቀኝ ሞልቷል፤ ጣሪያው ያፈስሳል እላለሁ። አያፈስስም።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ነው የጻፍኩት፤ ቅጂም አላስቀረሁም። ብታቃጥይው፣ ብታስቀምጪው ያንቺ ነው፤ ከሁለታችን ሌላ የሚያነበው የለም።

ፈጣሪ ባለሽበት ደጅሽን ይጠብቅልሽ። የነገርሽውን በሆዱ የሚያስቀር ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ