ተራ ቁጥር አንድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ደህና ፀሐይ ነበር። የሆቴሉን ስድስት ፍራሾች ተርትሬ ጥጡን ከቤታችን ጀርባ፣ ሜዳው ላይ ዘረጋሁት። የሆቴል ጥጥ ክፉ ነው። የስንቱ እንቅልፍ ተረግጦበት ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። እስከ ሰባት ሰዓት በዱላ ስመታው ዋልኩ። ጎረቤቴ ዘነዘና ከሜዳው ማዶ የሰው አንሶላ እያሰጣች፣ ባልሽን ነው እንዴ የምትመቺው አለችኝ። ባሌማ ቢመቱትም አይለሰልስም ነበር አልኳት። ሳቀች። ልብስ አጣቢ ናት፤ ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተዋስነን ኖረናል። ረጅምና ቀጭን ስለሆነች ሰፈሩ ዘነዘና ይላታል፤ እሷም በስሟ ሲጠሯት አትሰማም።

ከሥራ በኋላ በከሰል ግድግዳዬ ላይ ፊርማ ተለማመድኩ። የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችን፣ ፊርማ እንደ ፊት ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን ትለን ነበር። በየቀኑ ጻፉ፣ አንድ መስመርም ቢሆን ያለችንም እሷ ናት። የእኔ ፊርማ ገና አንድ ዓይነት አልሆነም። ጭራው አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ወደ ታች... በሃምሳ ስምንት ዓመት አዲስ ፊት ማውጣት ቀላል ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ትንሹ መጣ። ወንድሜ። ከንቲባ ከሆነ ወዲህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሾፌሩን ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ በእግሩ ገባ። ወንበር ስፈልግለት የጥጥ ክምሩ ላይ ዘፍ አለ፣ እንደ ልጅነቱ። ሱፉ ሁሉ ጥጥ ሆነ።

እናታችን ስትሞት እሱ አምስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ አራት። ትምህርት ቤት መሄድ የሚችለው አንዳችን ብቻ ነበር። እሱ ሄደ። ይህን ለሰው አላወራም፤ ለራሴ ግን በየቀኑ አወራዋለሁ።

ፋብሪካ አመጣሁ አለኝ። አራት መቶ ሰው የሚቀጥር። ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቶ፣ ከሦስት ከተሞች ጋር ተሻምቶ... የልጅሽ ነገር ከእንግዲህ አያሳስብሽ አለ። ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ሁለት ዓመት ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ምንድን ነው የሚሠራው?" አልኩት።

የተቀመጠበትን ጥጥ አየ። "ስፖንጅ።"

"የዕቃ ማጠቢያ?"

"ፍራሽም ይሠራል፣ እታለም።"

ከሱፉ ላይ ጥጡን አንድ በአንድ ለቀምኩለት። ምን ልበል? አራት መቶ ሰው ሥራ ሲይዝ የአንዲት አሮጊት ዱላ ቢሰቀል ምን ይሆናል? ይህንኑ ብዬ ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን ጥጡን ያለ ቅጥ መታሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 9

የሰፈራችን ሰው በሙሉ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ተጠራ። የድጋፍ ፊርማ ነው ተባለ። ባለሀብቶቹ ሕዝቡ ፋብሪካውን እንደሚፈልግ በወረቀት ማየት አለባቸው።

ትንሹ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ እኔ ተናገረ። እናት ሆና ያሳደገችኝ፣ በስተርጅናዋ ፊደል የቆጠረች፣ የመጀመሪያውን ፊርማ እህቴ ታኑርልን አለ። ተጨበጨበ። በዕድሜዬ ተጨብጭቦልኝ ያውቃል? አላስታውስም።

ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከታች ሠንጠረዥ፣ ተራ ቁጥር አንድ፣ ባዶ። ከላይ ማንበብ ጀመርኩ። "እኛ... ስማችን... ከዚህ በታች... የተዘረዘረው..." ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ጣቴ ከመስመሩ ሥር ካልሄደም ይጠፋብኛል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ከኋላዬ የሰፈራችን የቤት ደላላ፣ "ፈተና ላይ ናቸው እንዴ?" አለ። ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ጣቴን አነሳሁና ፈረምኩ። ጭራው ወደ ላይ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ።

ከእኔ ሥር አርባ አንድ ሰው ፊርማና አሻራ አኖረ። የሚጽፉት እየተጋፉ ፈረሙ። የማይጽፉትን ሰባቱን የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አንድ በአንድ ጥግ ላይ አስቀምጦ ወረቀቱን አነበበላቸው፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን በቀለም አስነከረ። አሻራ ለሚያደርግ ማንበብ ደንብ ነው። ለእኔም ድሮ ይነበብልኝ ነበር። ዛሬ ማንም አላነበበልኝም።

ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ግድግዳው ላይ እንደገና ሞከርኩት። ፊርማዬ አንድ ዓይነት ሆኗል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ልጄን ለሥራ ላስመዘግብ አብሬ ሄድኩ። ተቀበሏት። ፋብሪካው እስኪከፈት ስልጠና አለ። መዝጋቢዋን እኔስ ብዬ ቀለድኩባት። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ አምስት ነው እማማ አለችኝ። አርባ ዓመት ፍራሽ ሠርቻለሁ እኮ ስላት፣ እዚያ በእጅ የሚነካ ነገር የለም አለች። ቀልዴ እንደ ቀልድ አልሆነልኝም።

ልጄ ግን እስከ ቤት እያንጎራጎረች መጣች። ስታንጎራጉር ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው...

ዘነዘና በር ላይ ጠብቃኝ፣ "አንቺ መቼም ሳታውቂ አትቀሪም፤ መቼ ነው?" አለችኝ። ፋብሪካውን የጠየቀችኝ መሰለኝ። በቅርብ ነው አልኳት፣ ኮራ ብዬ። ፊቷ ለምን ጠቆረ?

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ሁለት ሰዎች የቀይ ቀለም ባልዲ ይዘው መጡ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የኤክስ ምልክት እየቀቡ አለፉ። የእኔን ከፊርማዎቼ በላይ ቀቡት። ቀለሙ ወደ ታች ወረደ።

ምንድን ነው አልኳቸው። በሠላሳ ቀን ቦታውን ትለቃላችሁ አሉኝ። ማን ብሎ? አንደኛው ብሩሹን እንደያዘ ዞሮ አየኝ።

"ራሳችሁ ፈርማችኋል እኮ፣ እማማ።"

ረቡዕ፣ ጥር 8

ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ትንሹ ቢሮ ደጅ ተቀመጥኩ። ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ ውሃ ሰጠችኝ። ስገባ ወረቀቱን አሳየኝ አልኩት። ሳይጠይቀኝ የትኛው እንደሆነ አወቀ።

ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ጣቴን ከሥር አድርጌ አነበብኩት። አልቸኮልኩም። ማን ይስቅብኛል? ስድስተኛው መስመር ላይ አገኘሁት። "የያዝነውን ቤትና ቦታ ለፋብሪካው ግንባታ ለመልቀቅ፣ ምትክ ቦታ እስኪዘጋጅም በጊዜያዊ መጠለያ ለመቆየት ተስማምተናል።" ሁለቴ አነበብኩት። ከፊደሎቹ አንዱም አላስቸገረኝም። ያን ዕለት ሦስት መስመር ብቻ ነበር የቀረኝ።

"ሦስተኛው ላይ ስታቆሚ አይቼሻለሁ" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

"አይተህ ዝም አልክ?"

"ሰው ሁሉ ያይሽ ነበር። ላንብብልሽ ብል አላሳፍርሽም?"

"ልጅ ሳለህ ስትወድቅ፣ እንዳላሳፍርህ ብዬ ትቼህ አልፌ አውቃለሁ?"

ሜዳውና መንደሩ ካልተለቀቀ ፋብሪካው ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ሦስት ቀን ቀርቶት እንደነበር ነገረኝ። አራት መቶ ሰው። ልጅሽም አንዷ ናት። ፊርማዬን ልሰርዝ አልኩት። ዋናው ወደ ላይ ሄዷል፣ ይኼ ግልባጭ ነው፣ ከእጄ ወጥቷል አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ለእኔ ክብር ብሎ ነው ዝም ያለው? ወይስ ለፋብሪካው? ፊቱን አየሁት፣ ደግሜ አየሁት። እሱም ራሱ የሚያውቀው አልመሰለኝም።

ዓርብ፣ ጥር 10

ዘነዘና ጋ ሄድኩ። አንሶላ እየጠመዘዘች ነበር። አላነበብኩትም ነበር አልኳት። እጇ ቆመ።

"ለእኔ ተነቦልኛል" አለች።

"ታዲያ ለምን ጣትሽን ሰጠሽ?"

"ፊደል ባላውቅ ፊርማሽን አላውቀውም? ስንት ወር ሙሉ ግድግዳው ላይ ስትጭሪው እያየሁ። ቤት ልቀቁ የሚለውን ሲያነብልኝ ልነሳ ነበር። ቀና ስል ያንቺ ከላይ ተቀምጧል። የተማረች ናት፣ የከንቲባው እህት ናት፣ አንብባ ነው የፈረመችው፣ የምታውቀው ደህና ነገር ቢኖር ነው አልኩ። ሌሎቹም ያሉት ይኼንኑ ነው።"

መቼ ነው ብላ የጠየቀችኝ ያኔ ገባኝ። የምንለቅበትን ቀን ነበር። እኔ ደግሞ በቅርብ ነው አልኳት። ኮራ ብዬ።

አንሶላውን እንደገና ጠመዘዘችው፣ ውሃ ሳይኖረው። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሞኝ ያለችው ማንን ነው? እኔን? ራሷን? አልጠየቅኳትም።

ሰኞ፣ ጥር 13

ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ልሄድ፣ አንብቤ አልፈረምኩም ልላቸው ለባብሼ ወጣሁ። ልጄ በሩ ላይ ቆመች። "እማዬ፣ ስልጠናው ሊያልቅ ነው። ባንቺ የተነሳ ስሜን ቢሰርዙትስ?" አለች። ደግሞስ ማንበብ እችላለሁ ግን አላነበብኩም ብትያቸው ምን ይሉሻል? ብላ ጨመረች። እውነቷን ነው። ምን ይሉኛል?

ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ፈረሰ። ከጠዋት እስከ አምስት ሰዓት አልፈጀም። ሃያ ዓመት የተኖረበት ለምሳ እንኳ አልደረሰ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

መጠለያው ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳውም ጣሪያውም። ዝናቡ ሲወርድ ሰው አይሰማማም። ማሰጫ ሜዳ የለም። ከከተማው ርቀናል፤ ፍራሽ የሚያመጣልኝ ሰው ካየሁ ሁለት ወር። የያዝኩት ጥጥ ሻግቷል።

ዘነዘናም ውሃ ቅርብ ስለሌለ ማጠብ ትታለች። ዛሬ ሁለት ጀሪካን ተሸክማ ዳገቱ ላይ አገኘኋት። አንዱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ጀሪካኑን ወደ ሌላኛው እጇ አዞረችው። ሁለቱንም በአንድ እጅ... እንዴት እንደቻለችው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ አሥር ቀኑ። እውነትም አራት መቶ ሰው ነው፤ በዚህ አልዋሸም። ልጄ በሠራተኛ አውቶቡስ ትሄዳለች። ስትመለስ ፀጉሯ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ማንጎራጎሩን ትታለች፤ ደክሞኝ ነው ትላለች። ግን ትሄዳለች፣ ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ ምን እላለሁ።

ትንሹ ከፍ ያለ ሹመት አገኘ። ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ። ፋብሪካ ያመጣ ሰው እዚህ አይቀርም። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። እሱ አልመጣም፣ ሾፌሩን ላከ። ከመጀመሪያው ምርት ለእህቴ ብሎ አንድ ስፖንጅ ፍራሽ፣ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ።

ሾፌሩ ሲሄድ ዱላዬን አንስቼ ፍራሹን መታሁት። ዱላው ተመልሶ ዘለለ። አቧራ የለው፣ ድምፅ የለው። አንድ ጊዜ ደገምኩትና ተውኩት። ልጄ ትተኛበት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ያው የአዳራሹ ልጅ። ለሁላችሁም ነው፣ ቶሎ ቶሎ ፈርሙልኝ፣ ሌላም ቦታ አለብኝ አለ። በበርሜል ላይ ዘረጋው። ሰው ተሰበሰበ። ማንም ግን አልቀረበም። ተራ ቁጥር አንድ ባዶ። ሁሉም እኔን አየኝ።

ቀረብኩ። ጣቴን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረግኩና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። "እኛ... በጊዜያዊ... መጠለያ... የምንገኝ..." ድምፄ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች። ሠራተኛው ሰዓቱን አየ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው እማማ ብሎ ሊነጥቀኝ ሲል፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ "ተዋት፣ ታንብብ" አለ።

ዘነዘና ናት። አሥር ወር ሙሉ ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር።

ሃያ ሁለት መስመር ነበር። አንድም አልዘለልኩም። ማንም አልሳቀም። ምትክ ቦታው ስላልተዘጋጀ ለተጨማሪ አንድ ዓመት እዚሁ ለመቆየት ተስማምተናል ይላል።

"ባንስማማስ?" አልኩት።

"እዚህ መቆየትም አይቻልም፣ እማማ። ታዲያ የት ትሄዳላችሁ?" አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። የእውነቱን ነው የጠየቀን። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በዚህ ሁሉ ማንበብ ያገኘነው ይኼ ነው... አወቅን። አውቀንስ?

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ቀለሙን አምጣ አልኩት።

"እርስዎ ይጽፋሉ እኮ" አለ።

"አሻራ ነው የማደርገው።"

የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተ። አውራ ጣቴን ነከርኩ። ነክሬ ግን ወረቀቱ ላይ እጄ ቆመ፤ ያ ባዶ ሣጥን፣ ያ ቁጥር... ጣቴ አልወርድልሽ አለኝ።

ዘነዘና በትከሻዬ ላይ ረጅም ክንዷን ሰደደች። ጣቷን ነከረችና ተራ ቁጥር አንድ ላይ ጫነችው፣ አጥብቃ።

እኔ ሁለተኛ ሆንኩ።