ጥግ የሌለው ክፍል

ይድረስ፣ ቁመቷን በትምህርት ላካካሰችው እህቴ፤

እትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያጎነብስ የሚውለው ወገብሽስ? የቀረውን ሰላምታ ፖስታው እንዳይከብደው በሆዴ ይዤዋለሁ። እኔ ከነምላሴ ደህና ነኝ። እማዬ «ሁላችንም ደህና ነን በያት» ብላኛለች፤ ብያለሁ። አባዬ ግን ደህና አይደለም።

ከቤት ወጥቶ ጠፍቶ በሁለተኛው ቀን ድልድይ ሥር ካገኘነው ወዲህ በሩ ተቆልፏል። ሠላሳ ዓመት በእግሩ ደብዳቤ ያደለ ሰው በር ስለተቆለፈ ይቀመጣል? ስሜን ረስቷል፣ መሄድን አልረሳም። ግድግዳውን በትከሻው እየታከከ ሳሎኑን ይዞራል፤ ቀለሙ በትከሻው ልክ ተልጧል። መሀሉን አይረግጠውም። ከበሩ በስተግራ ያለው ጥግ ጋ ሲደርስ ይሸጎጥና፣ ግንባሩን አስደግፎ እግሩን ባለበት ያነሳል፣ ይጥላል።

በማይክሮስኮፕ ስለምታጠኛቸው፣ በራሳቸው ስለሚሄዱት ደቃቅ ቅንጣቶችሽ የነገርሽን ትዝ አለኝ። እማዬ «ነፍስ የላቸው፣ ወዴት ነው የሚቸኩሉት?» ያለችው ቀን። ጠባብ ቦታ ሲታጎሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ ጥግ ይይዛቸዋል፣ ጥጉ ከጎበጠ ግን ይፈሳሉ ብለሽ ነበር። እኔ አዋቂዋ ለአጎታችን «ጥጎቹን እናጉብጣቸው» አልኳቸው። የአጎታችንን አናጢነት ታውቂዋለሽ፤ ሦስቴ ለክተው በግምት ይቆርጣሉ። እማዬ «ያ ቁምሳጥን እኮ እስከ ዛሬ አልገጠመም» ስትላቸው «ልብሱ አየር እንዲያገኝ ነው» አሏት። ይሄኛው ግን ለክፋቱ ተሳካላቸው። አራቱንም ጥግ በጎበጠ ስስ ጣውላ ሸፈኑት።

አባዬ እንደ ውሃ ፈሰሰ። አጨበጨብን። እስከ ምሳ አልቆመም፤ እስከ ማታም። ስናስቀምጠው ይነሳል፣ ስንይዘው ይጮኻል። በሦስተኛው ቀን ካልሲውን ሳወልቅ ቆዳው አብሮ መጣ። ለካ ያ ጥግ ማረፊያው ነበር። እማዬ የምታጎርሰው እዚያ ነበር፤ ቆሞ የሚያንቀላፋውም እዚያ።

የግራውን ጣውላ በመዶሻ ነቀልኩት። ዞሮ ሲመጣ ግንባሩን አስደገፈና ዓይኑን ከደነ። እንድታየው የጠራናት ነርስ ልቡን አዳምጣ «በጣም ደክሟል» አለች፤ ሌላውን ለእማዬ በጆሮዋ ነገረቻት። ትናንት ጥጉ ውስጥ እግሩን አንዴ ብቻ አነሳ።

እትዬ፣ ያንቺዎቹ ቅንጣቶች ጉልበታቸው ሊያልቅ ሲል እንዴት ያደርጋቸዋል? መልሱን ካወቅሽው አትጻፊልኝ። ነይ።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ደህና ነን ስትል አትመኛት። አጎታችን ሰላም ብለውሻል፤ የቀሩትን ሦስት ጣውላዎች ለመንቀል እየለኩ ነው። አባዬ ሰላም አላለሽም። ዛሬ አድራሻሽን የጻፍኩበትን ባዶ ፖስታ ስሰጠው ግን ዳሰሰው፣ ብብቱ ሥር ያዘው፣ ከዚያ ግድግዳውን ለቆ በክፍሉ መሀል ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ሁለት ጊዜ ሞከረ። ፖስታውን ያስለቀቅሁት አልቅሼ ነው።

ታናሽሽ፣ ምላስ ብቻ
ከሳሎናችን፣ ከግራው ጥግ አጠገብ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን